ያ ላፕቶፕ አልሞተም፦ አሮጌ ኮምፒውተር በሊኑክስ እንዴት እንደምታስነሱ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ያላቸው አንድ እትዬ አሉ። የሰፈራችን ሰው ናቸው። በቀደም ላፕቶፓቸውን በፌስታል ጠቅልለው ቤት ድረስ ይዘውልኝ መጡ። «ልጄ፣ ይኸ ነገር አበቃለት አሉኝ፤ እስቲ አንተ ደግሞ እየው» አሉ።

ዴል ላቲቲዩድ ኢ6430 ነው። እ.ኤ.አ. የ2012 ሞዴል። ቻርጀሩን ሰክቼ ሳበራው በራ። ግን ዴስክቶፑ ወጥቶ ማውሱ በደንብ እስኪታዘዝ ድረስ እናቴ የጣደችው ጀበና ፈልቶ አቦሉ ተቀዳ። ሃርድ ዲስኩ ውስጥ ውስጡን ቆርጠም ቆርጠም ይላል። ኢንተርኔት ሳገናኘው ደግሞ የነካሁት ገጽ ሁሉ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ አልከፍትም አለ። ሰዓቱን ሳየው የዛሬ አሥራ ምናምን ዓመት ላይ ቆሟል።

«እትዬ፣ ይኸማ ደህና ነው» አልኳቸው። አላመኑኝም። በሦስተኛው ቀን ወሰዱት፤ ይኸው ዛሬም ማመልከቻ ይጻፍበታል። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ በየቤቱ አልጋ ሥር እንደተወሸቀ ስለማውቅ፣ የሠራሁትን ከነምክንያቱ ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ወሬው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ የግሸን ማርያም ንግሥ ባለፈ በ13ኛው ቀን። ድጋፍ ቆመ ማለት ኮምፒውተሩ አይበራም ማለት አይደለም። አዲስ የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍንላችሁ የለም ማለት ነው። ለተመዘገበ ሰው እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚዘልቅ ማራዘሚያ አለ፣ ግን እሱም ቀን መግፋት ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ኢንቴል ከሆነም በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያለ ፕሮሰሰር ይላል። የእትዬ ላፕቶፕ 3ኛ ትውልድ ነው። በሩ ተዘግቶበታል። በጓሮ አሳልፎ መጫኛ ዘዴ አለ፣ እኔ ግን የሰው እንጀራ በሆነ ማሽን ላይ አላደርገውም። አዲስ ግዙ እንዳልል ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 2025 መጨረሻ ወዲህ የኤአይ ማዕከላት ሚሞሪውን እየወሰዱት የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ተሰቅሏል። ስለዚህ ያለውን ማዳን ነው።

ማዳኛው ሊኑክስ ነው፤ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነፃ ሲስተም። ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የፊንላንድ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ሄልሲንኪ ሆኖ የጀመረው ነው። ምንነቱን ለሚጠይቀኝ ሰው በቅኝት ነው የማስረዳው፣ ወሎ ነንና። ባቲ ቅኝት ነው፤ አምባሰልም ቅኝት ነው። ባቲን «የኔ ነው፣ ከፍላችሁ ዝፈኑ» የሚል የለም፤ ክራር የያዘ ሁሉ የራሱን ግጥም ይደረድርበታል። ሊኑክስ ቅኝቱ ነው። ኡቡንቱ፣ ዴቢያን፣ ሚንት ሲባል የምትሰሙት በዚያ ቅኝት ላይ የወጡ ዘፈኖች ናቸው። አንድ ነገር ብቻ ይጨመርበታል፦ የሊኑክስ ፈቃድ፣ አሻሽለህ ለሌላ ሰው ከሰጠህ የጻፍከውን ኮድም አብረህ ስጥ ይላል። እኔን ወደዚህ ዓለም የሳበኝ ይኸ ነው። ደሴ የተቀመጠ ልጅ ሄልሲንኪ ካለው ልጅ እኩል ውስጡን ከፍቶ ማየት ይችላል።

ሊኑክስ የማይሆነው ሰው ግን አለ፤ ሳትለፉ እዚሁ ልንገራችሁ። በፒችትሪ ሂሳብ የምትሠሩ ከሆነ ተዉት። አውቶካድና ፎቶሾፕም የሊኑክስ ስሪት የላቸውም። ለደብዳቤ፣ ለኢንተርኔት፣ ለቴሌግራም፣ ለፊልም፣ ለትምህርትና ለኮድ መጻፊያ ከሆነ ግን ግቡበት።

አሮጌውን ዲስክ አትንኩት

የዚህ ሁሉ ሥራ ቁልፉ ይኸ ነው። ሰው ሊኑክስ ሲጭን ፋይሉን የሚያጠፋው ባለው ዲስክ ላይ ስለሚጭን ነው። እኔ አላደርገውም። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ፈትቼ አወጣና በምትኩ ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን የዲስክ ዓይነት አስገባለሁ። አሮጌው ከነዊንዶውሱ፣ ከነፋይሉ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። የዩኤስቢ ኬዝ ከገዛችሁለት እንደ ትልቅ ፍላሽ ይሆናል፤ ያስፈለጋችሁን ፋይል በኋላ እየሰካችሁ ትገለብጣላችሁ። ካልተስማማችሁም አሮጌውን መልሳችሁ ሰክታችሁ እንደነበረው ማድረግ ነው።

ኤስኤስዲው ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ይሁን፤ 240 ጊጋ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ሊኑክስ ባትጭኑ እንኳ ኤስኤስዲ ብቻውን ላፕቶፑን ሌላ ያደርገዋል። የድሮው ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ሳህንና የምታነብ ክንድ አለው፤ ክንዷ ከጥግ ጥግ ስትመላለስ ነው ያ ሁሉ መጠበቅ የሚመጣው። ኤስኤስዲ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።

ከፈታችሁ አይቀር ማራገቢያውን እዩት። የእትዬን የሥር ክዳን ስከፍት ሙቀት መውጫው ላይ አቧራው ተጋግሮ ባና መስሏል። እውነት የበግ ጸጉር ባና፤ በጣቴ ስስበው ሳይበጠስ አንድ ላይ ተነሳ። አየር በዚያ አልፎ ሊወጣ አይችልም። ማሽኑ ሲግል ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ «ዘገየ» የምትሉት ግማሹ ይኸ ሊሆን ይችላል። በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉት። አየር የምትነፉበት ከሆነ ማራገቢያውን በጣት ያዙት፣ እንዲሁ እየዞረ እንዳይጎዳ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪውን አውጡ። የካቻቢቴው ጫፍ ከብሎኑ ራስ ጋር ካልገጠመ አትታገሉት፤ ጥርሱ ከተበላ በኋላ ሌላ ጣጣ ነው።

ያ የቆመው ሰዓት ደግሞ ትንሿ የማዘርቦርድ ባትሪ ስላለቀች ነው። ሲአር2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት፤ ሰዓት ቤቶች አሏት። ላፕቶፕ ላይ ያለችው ግን ብዙ ጊዜ ገመድ የተበየደላት ስለሆነች አውጥታችሁ ይዛችሁ ሂዱና አስተያዩ። ድረ ገጾቹ አልከፍት ያሉትም በሷ ነው። እያንዳንዱ ገጽ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል የማረጋገጫ ሰነድ አለው፤ ኮምፒውተሩ ያለው ወደኋላ ቀርቶ ስለሆነ ሰነዱ ገና ያልጀመረ ይመስለዋል። ስንት ሰው በዚህች ባትሪ ምክንያት «ኢንተርኔቱ አይሠራም» ብሎ ላፕቶፕ አስቀምጧል መሰላችሁ።

ዲስኩን ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር አደራ። የድሮ ሰነዶቻችሁ በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፉ ከሆኑ ፎንቶቹን ቅዱ። ሲ ድራይቭ፣ ከዚያ ዊንዶውስ፣ ከዚያ ፎንትስ የሚለው ፎልደር ውስጥ ናቸው። እነዚያ ፎንቶች ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቦታ የሰጠው ስምምነት) ከመለመዱ በፊት የተሠሩ ስለሆኑ የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነው ያስቀመጡት። ፎንቱ ከሌለ ሰነዱ ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ሆኖ ይከፈታል። እትዬ የአሥር ዓመት የእድርና የማኅበር መተዳደሪያ ደንብ በዚህ መንገድ ተጽፎ አላቸው። በኒያላ የተጻፈው ግን ዩኒኮድ ስለሆነ አያሳስብም፤ ሌላ ፎንት ይተካውና መስመሩ ትንሽ ይዛነፋል እንጂ ይነበባል።

የትኛውን ሊኑክስ? እንዴትስ ላውርደው?

ለጀማሪ ሊኑክስ ሚንት፣ እሱም ቀለል ያለው የኤክስኤፍሲኢ ስሪት። ከዊንዶውስ ለመጣ ሰው ግራ አያጋባም፤ ሜኑው ከታች በግራ ጥግ ነው፣ ፎልደሩም ፎልደር ነው። 2 ጊጋ ራም ይበቃኛል ይላል፣ በምቾት ለመሥራት ግን 4 ይሁንላችሁ። የ22 ተከታታይ ስሪቶች እስከ እ.ኤ.አ. 2029 ድረስ የደህንነት ማሻሻያ ይመጣላቸዋል። 64 ቢት ፕሮሰሰር ብቻ ነው የሚቀበለው። እዚህ ላይ አትሳሳቱ፤ የተጫነው ዊንዶውስ 32 ቢት ነው ማለት ፕሮሰሰሩም 32 ነው ማለት አይደለም። የፕሮሰሰሩን ስም አይታችሁ አጣሩ። የእውነት 32 ቢት ከሆነ አንቲኤክስ የሚባለውን ቀለል ያለ ሊኑክስ፣ የ32 ቢት ስሪቱን ሞክሩ። ሐይቅ የሚያስተምር ጓደኛዬ 2 ጊጋ ራም ያላት ቶሺባ አለችው፤ በአንቲኤክስ ፈተና ያወጣባታል።

የሚንት ፋይል 3 ጊጋ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። በቀን ጥቅል አታውርዱት፤ የሌሊት ጥቅል ግዙና ተኙ። በብራውዘር ሳይሆን በቶረንት አውርዱ። ቶረንት ሲባል ሰው የተሰረቀ ፊልም ብቻ ይመስለዋል፤ ሚንት ራሱ በገጹ ላይ በይፋ የሚያቀርበው መንገድ ነው። ጥቅሙ ሁለት ነው። ኔትወርክ ቢቆረጥ ወይም መብራት ቢሄድ ከቆመበት ይቀጥላል። ደግሞ እያንዳንዷን ቁራጭ እያመሳከረ ስለሚያወርድ የተበላሸ ፋይል አይደርሳችሁም። እኔ አንድ ጊዜ በብራውዘር አውርጄ 90 ከመቶ ላይ መብራት ሄዶ ከዜሮ ጀምሬያለሁ። ሁለተኛ አልደግመውም።

ፍላሽ ላይ ተጠንቀቁ። ከመንገድ የገዛሁት «128 ጊጋ» ውስጡ 8 ጊጋ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ኮምፒውተሩ 128 ብሎ ያሳያችኋል፤ ቺፑ እንዲዋሽ ተደርጎ ነው የተሠራው። ከስምንቱ በኋላ የምትጽፉት ሁሉ የለም። ኤች2ቴስትደብሊው የሚባል ትንሽ ነፃ ፕሮግራም ፍላሹን ሞልቶ መልሶ እያነበበ እውነቱን ያወጣል። ለዚህ ሥራ 8 ጊጋ እውነተኛ ፍላሽ ይበቃል።

ፋይሉን ፍላሽ ላይ ኮፒ ፔስት ማድረግ አይሠራም። ዊንዶውስ ባለው ኮምፒውተር ሩፉስ የሚባለውን አውርዱ፣ በጣም ትንሽ ናት፣ ኦፕን ሶርስ ናት። ፍላሹን ምረጡ፣ የሚንትን ፋይል ምረጡ፣ ስታርት በሉ። መንገድ ከጠየቀቻችሁ የሚመከር የምትለውን ተቀበሏት። ፍላሹ ላይ የነበረ ነገር ሁሉ ይጠፋል።

ማስነሳትና መጫን

ፍላሹን ሰክታችሁ ላፕቶፑን አብሩና ወዲያው የቡት ሜኑ (ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሳ መምረጫ) ቁልፉን ደጋግማችሁ ምቱ። ዴል፣ ሌኖቮና ቶሺባ በአብዛኛው ኤፍ12 ናቸው። ኤችፒ ኢስኬፕ ከዚያ ኤፍ9። አሱስ ኢስኬፕ። ኤሰርም ኤፍ12 ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ በኤፍ2 ባዮስ (የማሽኑ ውስጣዊ ማስተካከያ) ገብታችሁ ሜኑውን ማብራት አለባችሁ። ዩኤስቢውን ምረጡ።

ሚንት ሳይጫን ከፍላሹ ላይ ይነሳል። አትቸኩሉ። ኤስኤስዲውን ገና ሳይነካ እዚያው እያላችሁ ሁሉን ሞክሩት፤ ድምፁን፣ የስክሪን ብርሃኑን፣ ተች ፓዱን፣ ዋይፋዩን። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የሚያስቸግረው ዋይፋዩ ነው፣ በተለይ ብሮድኮም ካርድ ከሆነ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ስልካችሁን በኬብል ሰክታችሁ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ አብሩ። ሊኑክስ ስልኩን እንደ ኔትወርክ ገመድ ነው የሚያየው። ሚንት ከተጫነ በኋላ፣ በዚያ ኢንተርኔት፣ ድራይቨር ማናጀር የሚለውን ከፍታችሁ የዋይፋዩን ድራይቨር ታወርዳላችሁ። የእትዬም እንዲሁ ነበር የሆነው።

ሁሉ ደህና ከሆነ ዴስክቶፑ ላይ ያለውን የመጫኛ ምልክት ሁለቴ ንኩ። የሰዓት ክልል ላይ አዲስ አበባን ምረጡ። መልቲሚዲያ ኮዴክ ይጫን ወይ ሲል እሺ በሉ፣ አለዚያ አንዳንድ ቪዲዮ አይከፍትም። ዲስኩን አጥፍቶ ይጫን የሚለውን ያለ ስጋት ምረጡ፤ አሮጌው ዲስክ መሳቢያ ውስጥ ነውና። የይለፍ ቃሉን ወረቀት ላይ ጻፉት። መብራት መሀል ላይ ቢሄድስ? የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ይጠፋል፤ ግን ምንም አልተሰበረም፣ መብራት ሲመጣ ከፍላሹ ተነስታችሁ እንደገና ትጭናላችሁ። በመብራት መቋረጥ የሚሞተው ባዮስ ሲታደስ ነው፤ ስለዚህ ደህና ባትሪ ሳይኖራችሁ ባዮስ ማደስ የሚባል ነገር አትንኩ።

ከተጫነ በኋላ

አማርኛ መጻፊያውን አስተካክሉ። ሶፍትዌር ማናጀር ውስጥ አይባስ ኤም17ኤን (ibus-m17n) ብላችሁ ፈልጉና ጫኑ። ሎግ አውት ብላችሁ ተመለሱ፤ በአይባስ ማስተካከያ ውስጥ አማርኛን፣ ከዚያ ሴራ የሚለውን ጨምሩ። ኤስ እና ኢ ስትነኩ ሰ ይመጣል፣ ኤል እና ኤ ላ፣ ኤም ብቻዋን ም፤ ሰላም አላችሁ ማለት ነው። እንደ ጠ እና ጨ ያሉት በትልቁ ፊደል ናቸው፤ ጠ ስትሉ ሺፍት ይዛችሁ ቲ፣ ጨ ስትሉ ሺፍት ይዛችሁ ሲ። ሸ በኤክስ ነው። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ለመሄድ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከስፔስ ጋር ንኩ። እትዬ ሁለት ቀን ፈጀባቸው፣ በሦስተኛው ቀን ኪቦርዱን ሳያዩ ይጽፉ ነበር። የቀዳችኋቸውን የድሮ ፎንቶች ደግሞ ሁለቴ ነክታችሁ ጫን ማለት ብቻ ነው።

ቢሮው ሊብሬኦፊስ ነው፣ አብሮ ይመጣል። ደምበኞቻችሁ ወርድ ስለሚጠቀሙ ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ ሁልጊዜ በወርድ ዓይነት እንዲያስቀምጥ አድርጉት። የፖስተርና የሠርግ ጥሪ ካርድ ዲዛይን ግን ከወርድ ወደ ሊብሬኦፊስ ሲመጣ ይበታተናል፤ እሱን በፒዲኤፍ አስመጡ።

ፕሪንተር ብዙዎቹ እንደተሰኩ ይታወቃሉ። በየጽሕፈት ቤቱ ያለችው ኤችፒ ሌዘርጄት ፒ1102 ግን ተጨማሪ ፋይል ከኢንተርኔት ታወርዳለች፤ ያን ካላገኘች ወረቀት አትስብም። ደምበኛ ተሰልፎ እያለ ሳይሆን ቀድማችሁ ጨርሱት።

ዳታ ለመቆጠብ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሶፍትዌር ማናጀር አንዳንዱን ፕሮግራም በሁለት መልክ ያቀርባል፤ አንዱ የሲስተሙ ፓኬጅ ነው፣ ሌላው ፍላትፓክ። ፍላትፓክ የሚያስፈልገውን ሁሉ ተሸክሞ ስለሚመጣ ብዙ ጊዜ በመቶ የሚቆጠር ሜጋ ይበላል። አማራጭ ካላችሁ የሲስተሙን ውሰዱ።

አሁን እኔን በጣም ደስ ያለኝን ልንገራችሁ። እትዬ ቤት የሚመጣ ፍላሽ ግማሹ የሾርትከት ቫይረስ ያለበት ነው። ፎልደሮቹ ይሰወራሉ፣ በምትካቸው ቀስት ያለባቸው የውሸት ምልክቶች ይቀመጣሉ፤ እነሱን የነካ ዊንዶውስ ይለከፋል። ያ ቫይረስ ለዊንዶውስ የተጻፈ ስለሆነ ሊኑክስ ላይ አይነሳም። ባለፈው ሳምንት አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏ ጠፍቶባት ዓይኗ ቀልቶ መጣች። እትዬ ፍላሹን ሰኩና ከፈቱት። የተደበቁት ፎልደሮች ብቅ አሉ። ጽሑፉ ሙሉው አለ። ወደ ዴስክቶፕ ገለበጡት፣ ፍላሹን አጽድተው መልሰው ጫኑላት።

«ያው እዚሁ ነበረ እኮ፣ እታለም» አሏት። ከዚያ ስንት ኮፒ እንደምትፈልግ ጠየቋት።